ከሆስፒታል ስትወጣ የምትለብሰው፦ የከረጢት ሥራችን ማስታወሻ

መስከረም፣ የመስቀል ማግስት

ዛሬ ጀመርን። ተደፍራ ወይም ተደብድባ ሆስፒታል ለመጣች ሴት ሙሉ ልብስና ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልጋትን ነገር የያዘ ከረጢት እናዘጋጃለን። ጥቂቱ ሆስፒታል ይቀመጣል፣ ጥቂቱ ፖሊስ ጣቢያ ሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ የቀረው እኛ ጋ። ስትመጣ ይሰጣታል። ከኛ አንዷ አብራት ትሆናለች፣ ከፈለገችም ቤት ድረስ ትሸኛታለች። ሥራው ይሄው ነው።

ለምን ልብስ? ያማከርኩት ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ይሄን ነው። ጥቃት የደረሰባት ሴት የለበሰችው ልብስ ማስረጃ ነው። ፖሊስ ይወስደዋል፣ መውሰድም አለበት። ደም ሊኖርበት ይችላል፣ የሰውየው ፀጉር ሊኖርበት ይችላል፣ የተቀደደበት ቦታ ራሱ ይመሰክራል። ግን ልብሱ ከተወሰደ በኋላ እሷ ምን ለብሳ ትሂድ የሚል የለም። ሐኪሙ ምርመራውን ይጨርሳል፣ ፖሊሱ ቃሏን ተቀብሎ ይሄዳል። ሁለቱም ሥራቸውን ሠርተዋል። እሷ በአንሶላ ተጠቅልላ ኮሪደር ላይ ተቀምጣለች።

ስለ ራሴ አንዴ ልጻፈውና ይለፍ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከገጠር መጥቼ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ ነበር የምማረው፣ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች፣ ስንቄ በየሁለት ሳምንቱ ከቤት እየመጣልኝ። ያደረገው የማውቀው ሰው ነው። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከምርመራ ክፍል ስወጣ ቀሚሴ ተወስዷል። እናቷን ልታስታምም የመጣች አንዲት የማላውቃት ሴት ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ከሥር አንሶላ ነበር። ጫማም የለኝ። ወሩ ኅዳር ነበር፣ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እንደዛ ሆኜ በጠራራ ፀሐይ ሰፈር ገባሁ፣ ሁሉም ቆሞ አየኝ። ከዛ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሌሊት እያባነነ የሚቀሰቅሰኝ ከሰውየው ይልቅ ያ መንገድ ነበር።

ዛሬ ሌሎቹን አጅቤ ሆስፒታል፣ ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት የምሄደው እኔ ነኝ። ዓመታት ሆኖኛል። አብረውኝ የሚሠሩትም አብዛኞቹ ራሳቸው ያለፉበት ናቸው። እስካሁን ልብስ የምናለብሰው ከየቤታችን እየለቀምን ነበር። ዘንድሮ በሥርዓት እንሥራው ተባባልን።

አንድ ነገር ከወዲሁ። እዚህ ማስታወሻ ላይ የረዳናቸውን ሴቶች ታሪክ አልጽፍም። ሰፈር የለም፣ ዕድሜ የለም፣ የቤተሰብ ሁኔታ የለም። ከተማችን ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ነው፣ አንድ ፍንጭ ይበቃል። የምጽፈው ስለ ሥራው ነው።

ጥቅምት፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ

ገበያ ውለን ገባን። እግሬ ዝሏል።

አዲስ ልብስ እንግዛ ወይስ ሳልባጅ በሚለው ላይ ብዙ ተከራከርን። በአንድ አዲስ ቀሚስ ዋጋ ከሳልባጅ ተራ ሦስትና አራት ይገኛል፣ ገንዘባችን ደግሞ ትንሽ ነው። ትልቃችን እትዬ ግን አልተቀበሉትም። «የራሷን ልብስ ወስደን የሌላ ሰው አሮጌ አናለብሳትም» አሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ሹራብና ካፖርት ብቻ ከሳልባጅ እንገዛለን፣ ታጥቦና ተተኩሶ። ቀሚሱ ይሰፋል። የውስጥ ልብስ ሁልጊዜ አዲስ፣ ላስቲኩ ያልተነካ።

የቀሚሱን አሠራር የነገረችን ሆስፒታል የምትሠራ ሲስተር ናት። በጭንቅላት የሚጠለቅ አትስፉ አለችን። የጎን አጥንቷ የተሰበረ፣ ትከሻዋ የወለቀ ሴት እጇን ወደላይ ማንሳት አትችልም። ስለዚህ ፊት ለፊት እስከ ታች በቁልፍ የሚከፈት፣ ወገቡ በላስቲክ የሆነ፣ ሰፋ ያለ፣ እጀ ሙሉ። ቀለሙ ጠቆር ያለ ይሁን አለች፣ ደም ቢነካው እንዳይታይ። ይሄን ስትነግረን ልብስ ሰፊው ጋሼ መቀሱን አስቀምጠው ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ምንም አልጠየቁም። ሲስተር ስትጨርስ «ልኩን ንገሩኝ» ብቻ አሉ።

ስካርፍ ደግሞ የግድ ነው። አንገቷን የታነቀች ሴት የጣት ምልክቱን መሸፈን ከፈለገች ትሸፍነው። እዚህ ላይ ሲስተር አጥብቃ ያለችው ነገር አለ፣ ለምታጅቡ ሁሉ እጽፈዋለሁ። አንገቷን ታንቃ ከሆነ ከውጪ ምንም ምልክት ባይታይም ለሐኪሙ ይነገር። ጉዳቱ ውስጥ ለውስጥ ሊሆን ይችላል፣ እብጠቱም ዘግይቶ ሊመጣና ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። «ደህና ነኝ» ብላ ቤት ገብታ ሌሊት ሊብስባት ይችላል።

ከቀሚስ ሌላ ታይት፣ ጡት ማስያዣ፣ ሻሽ፣ ካልሲ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ሞዴስ፣ ፎጣ፣ ሳሙና። ማበጠሪያ ያስጨመረችው ትንሿ ናት፣ ከኛ በዕድሜ ታናሽ የሆነችው። ሌላው ቢቀር ማበጠሪያ አይቅር አለች። ምክንያቷን አልጠየቅናትም። ከዛ በሶ፣ ስኳር የተቀላቀለበት፣ በፕላስቲክ ታስሮ። ብዙ ሴቶች ከጣቢያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ጣቢያ ሲመላለሱ እህል ሳይቀምሱ ይውላሉ። በሶ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የብርዱ ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆነ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ነጠላ ምንም አይል። ከመካከላችን አንዷ የመንዝ ልጅ ናት፣ እንዝርት ይዛ ነው ያደገችው፣ የበግ ፀጉር ታጥቦ፣ ተነድፎ፣ ተፈትሎ ባና እስኪሆን ያለውን ሁሉ ታውቃለች። ሙሉ ባና ግን ከባድ ነው፣ ከረጢት ውስጥ አይገባም፣ ዋጋውም አይቀመስም። ትከሻና ጀርባ የሚሸፍን ግማሽ ባና እናሠራ አለች። ሸማኔ እሷ ታነጋግራለች። ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ የሚሄደው ከረጢት ግን ባና አይገባበትም። እዚያ ቆላ ነው፣ በባና ላብ ነው። ለዛኛው ስስ ቀሚስና ነጠላ።

ጥቅምት፣ አጋማሹ ላይ

አንድ ድርጅት የጨርቁን ሙሉ ወጪ እችላለሁ ብሎ ነበር። ሁለት ነገር ጠየቀ። ከረጢቶቹ አንድ ዓይነት ሆነው አርማው ይታተምባቸው፣ ርክክቡም ፎቶ ይነሳ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ ለሪፖርታቸው ነው። ግን እምቢ አልን። አንድ ዓይነት ከረጢት ቢሆን ሁለት ወር ሳይሞላ ከተማው ያውቀዋል። «ያችን ልጅ ያን ከረጢት ይዛ አየኋት» ይባላል፣ አለቀ። ልብስ ሰጥተን ስሟን ልንነጥቃት ነው? ፎቶውንስ ማን ነው የሚነሳው? እጅ ብቻ ይታያል አሉን። እጅም ይታወቃል፣ ቀለበትም ይታወቃል፣ ጠባሳም ይታወቃል።

ገንዘቡ ቀረ። ዕቁባችንን አንድ ዙር ለሥራው አደረግነው፣ እትዬም ዕጣቸው ቢሆንም ለቀቁ። ጋሼ ከሱቃቸው የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በማዳበሪያ አምጥተው ጣሉልን። ከዛ ላይ ነው ከረጢቱን የምንሰፋው። አንዱ ከመጋረጃ ትራፊ፣ አንዱ ከአቡጀዲ፣ አንዱ ከሱሪ ጨርቅ። አንዳንዱን ተራ የገበያ ዘንቢል አደረግነው፣ ከላይ ጎመን ቢጣልበት ከገበያ የምትመለስ ሴት የያዘችው ነው የሚመስለው። አንዱም ካንዱ አይመሳሰልም።

እኔ ስፌት አልችልም ነበር፣ አሁን ጋሼ ጥግ ላይ ያለችውን የእግር መኪና አስለምደውኛል። ቀጥ ያለ ስፌት እሰፋለሁ፣ ኪስ ላይ ለሌሎቹ አስተላልፋለሁ።

ጥቅምት መጨረሻ

ዛሬ ወረቀቱን ጨረስን። በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ካርድ ናት፣ ሁለት ገጽ። ሕጉን የሚያውቅ ሰው አርሞልናል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ የሕግ ምክር እንደሚሰጥም አስገብተናል።

የመጀመሪያው ገጽ ስለ ጤና ነው። ቶሎ መምጣት። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ቢሆን ደግሞ ይሻላል፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ሊሠራ ይችላል፣ እሱም በቶሎ የተወሰደ ይበልጣል። ከመመርመር በፊት ባትታጠቢ፣ ልብስ ባትቀይሪ ይመረጣል። ታጥበሽም ከሆነ ግን ነይ። ቀናት አልፎም ከሆነ ነይ። ይሄን የመጨረሻውን በደማቁ ነው ያሳተምነው፣ «አንዴ ታጥቤያለሁ፣ ምን ዋጋ አለው» ብለው የሚቀሩ ብዙ ስለሆኑ።

ሁለተኛው ገጽ ሕግ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት ፅኑ እስራት ያስቀጣል ይላል። ተጎጂዋ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት። ከመደፈር የመጣ ጽንስ ማቋረጥ በሕግ ይፈቀዳል፣ ለዛም ፍርድ ቤት ሄዳ ማረጋገጥ የለባትም፣ የእሷ ቃል ብቻ በቂ ነው። ይሄ አንቀጽ 552 ነው። የማያውቁ ስንት አሉ! ሴቶቹ ብቻ አይደሉም፣ ሥራቸው የሆነ ሰዎችም «የፖሊስ ወረቀት አምጪ» እያሉ ቀን ያስቆጥራሉ።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። አንቀጽ 620 የሚናገረው ከጋብቻ ውጪ ስለሆነው ነው። ባሏ የደፈራት ሴት በዚህ አንቀጽ አትገባም። ለድብደባው አንቀጽ 564 አለ፣ በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃት ያስቀጣል። ለሌላው ግን ሕጉ ዝም ብሏል። ካርዱ ላይ ምን እንጻፍ ብለን ብዙ ተወያየን። በመጨረሻ «ያደረገው ባልሽም ቢሆን ሕክምናው ይገባሻል፣ ነይ» ብለን ጻፍን። ያ እውነት ነው፣ ማንም አይከለክላትም።

ካርዷ ከረጢቱ ውስጥ በግልጽ አትቀመጥም። የቀሚሱ ወገብ ላስቲክ ሥር ትንሽ ኪስ አለች፣ እዚያ ናት። ቤቷ ውስጥ ካርዱ ከተገኘ ሌላ ዱላ የሚያመጣባት ሴት አለች፣ ስለዚህ መጀመሪያ እንነግራታለን፣ ካልፈለገች ታወጣዋለች። ማንበብ ለማትችል ደግሞ ቁጭ ብለን ቀስ ብለን እናነብላታለን፣ ስልኳ ላይ በድምፅ አንቀዳም። ስልክ የብቻዋ ላይሆን ይችላል።

ኅዳር፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ፖስታ ገዛን። ካኪ ፖስታ፣ ትልልቁን፣ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት። ለጣቢያውም ለሆስፒታሉም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የተወሰደው ልብስ ፌስታል ውስጥ ሲታሰር እርጥበቱ ይታፈናል፣ ይሻግታል፣ ማስረጃው ይበላሻል። ወረቀት ይተነፍሳል። መድረቅ አለበት፣ እያንዳንዱ ልብስ ለየብቻው በወረቀት ይገባል፣ ይታሸጋል፣ ማን መቼ እንዳሸገው ይጻፍበታል። እኔ ራሴ ፍርድ ቤት ተቀምጬ ልብሱ ከፌስታል ሻግቶ ሲወጣ አይቻለሁ፣ የልጅቱን ፊትም አይቻለሁ። የፖስታ ጉዳይ ነው እንግዲህ። በጀት የለም፣ ዕቃ የለም ሲባል በወረቀት ፖስታ እጦት አንድ ክስ ይሞታል።

ጣቢያ ሄደን አንድ ከሰዓት ቆየን። ሳጅኗ ራሷ ናት ሌሎቹን የሰበሰበችልን። ምን መጠየቅ እንደሌለበት እንነጋገር አልናቸው። «ምን ለብሰሽ ነበር»፣ «ለምን አልጮህሽም»፣ «በዛ ሰዓት እዛ ምን ትሠሪ ነበር»። አንዱ ወጣት ፖሊስ ለፋይሉ ያስፈልገናል አለ። ሳጅኗ መለሰችለት፣ ለፋይሉ የሚያስፈልግህ የት፣ መቼ፣ ማን፣ ምን አደረገ ነው አለችው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ። አለመጮህ ያለ ነገር ነው። ሰውነት ይደርቃል፣ ድምፅ አይወጣም። እኔ አልጮህኩም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዛ ወጣቱ ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

ኅዳር 16

ዓለም አቀፉ የሴቶች ጥቃት መከላከያ ቀን። ከዛሬ እስከ ታኅሣሥ 1 ነው የሚከበረው፣ ነጭ ሪባን ይታሰራል፣ አዳራሽ ይሞላል። ተጠርተን ሄድን፣ ጥሩ ንግግር ተደረገ። በንግግሩ ላይ የቀረበውን ቁጥር ለራሴ ጻፍኩት፣ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 23 በመቶው አካላዊ ጥቃት፣ 10 በመቶው ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከነዚህ ሴቶች ርዳታ የጠየቀችው ከአራት አንዷ ገደማ ናት። ሦስቱ አልጠየቁም። አዳራሹ ውስጥ ግራና ቀኝ አየሁ። እዚህ ውስጥ ስንቶቻችን ነን አልኩ በልቤ።

ከአዳራሽ ስንወጣ አንዲት ሪባን ያሰረች ሴት እጄን ይዛ ጥግ ወሰደችኝ። የተናገረችውን አልጽፍም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ለሰው የምናገረው አለች፣ ፀጉሯ ሸብቷል።

ኅዳር መጨረሻ

ከረጢቶች መውጣት ጀመሩ። ሲስተር ስትደውልልን የምንባባለው «ዕቃ መጥቷል» ነው፣ ስልኩ አጠገብ ማንም ቢኖር ምንም አይገባውም።

የተማርነውን ልጻፍ። አንደኛ፣ ከረጢቱን ሰጥቶ ዞር ማለት አይሆንም፣ ግን ለብሳ እስክትወጣም አጠገቧ ቆሞ መጠበቅ አይሆንም። መጋረጃው ይዘጋል፣ እኛ ውጪ እንጠብቃለን፣ ቁልፍ መቆለፍ ካቃታት ትጠራናለች። በር የመዝጋት መብት እንደገና የእሷ ይሁን። ሁለተኛ፣ የቀሚሱ ቁልፍ ትልልቅ መሆን አለበት። እጅ ሲንቀጠቀጥ ትንሽ ቁልፍ አይያዝም። ጋሼ ሁሉንም ቀየሩት፣ የካፖርት ቁልፍ አደረጉበት።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ። የ28 ቀኑ ክኒን ሆድ ያጥወለውላል፣ ባዶ ሆድ ላይ ይብሳል፣ ስለዚህ በሶውን እጥፍ አደረግነው። ብልቃጡ ደግሞ ሲንቀሳቀስ ይንኳኳል። ተከራይታ የምትኖር፣ ወይ መጠለያ ውስጥ ከሰው ጋር ተደርድራ የምታድር ሴት፣ ያ ድምፅ ያስጨንቃታል፣ «ይቺ ምን ታማለች» ይባላል። ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ እንጨምራለን፣ ድምፅ ጠፋ።

ክኒኑን እንዳትረሳ ደግሞ ሚስኮል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ተረኛዋ ሚስኮል ታደርጋለች፣ እሷም ስትውጥ መልሳ ሚስኮል ታደርጋለች። ብር አይቆጥርም፣ ወሬ የለውም፣ ስልኩን ያየ ሰው አያውቅም። መልሳ ካልደወለች ጠዋት እንጠይቃለን። ይሄ ሐሳብ የትንሿ ነው። በጣም ሠርቷል። ክኒኑን ጨርሰው እንኳ ማታ ማታ ሚስኮል የሚያደርጉ አሉ። እንመልሳለን።

ታኅሣሥ

የሽምግልና ነገር። ከባዱ ይሄ ነው።

ሽማግሌን የማላከብር አይደለሁም። በድንበር ሲጣሉ፣ በውርስ ሲካሰሱ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ ሽማግሌ ባይኖር ምን እንሆን ነበር። ግን ልጅ ተደፍራ ሽማግሌ የሚቀመጠው ለማን ነው? ካሳ ይቆረጣል፣ ይታረቃሉ፣ ገንዘቡን የሚቀበለው አባት ነው፣ ልጅቱ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሚባለውን ትሰማለች። ወይ ደግሞ «ያግባት» ይባላል።

የ1949ኙ የወንጀል ሕግ ጠልፎ ያገባትን ሰው ከክስ ያድነው ነበር። ይሄ ቀርቷል። አሁን ያለው ሕግ አንቀጽ 587 ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ፅኑ እስራት ይላል፣ ቢያገባትም ክሱ አይቀርም። ጠለፋው ላይ መድፈር ከተጨመረ እሱ ለብቻው ይታያል። የመድፈር ክስም የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም፣ የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ አባት ይቅር ብያለሁ ስላለ አይዘጋም። ችግሩ ምስክር ይጠፋል። ልጅቱ አክስቷ ጋ ትላካለች፣ ጎረቤት «አላየሁም» ይላል፣ ፋይሉ በማስረጃ እጦት ይዘጋል።

በዚህ ወር አንድ ሽምግልና ላይ እትዬ ራሳቸው ሄዱ። እንዳልሄድ ከለከሉኝ፣ አንቺ ትቆጫለሽ አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። ሽማግሎቹ መሐል የንስሐ አባት ነበሩ። እትዬ ሰላምታ ሰጥተው ተቀመጡና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ «አባቶቼ፣ ልጅቱን ጠይቃችኋታል?» አልጠየቋትም። ማንም አልጠየቃትም። የንስሐ አባቷ ቆብ አድርገው ተነሱ፣ ሳልጠይቃት እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም አሉ። ሽምግልናው በዛው ተበተነ። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ያን ቀን ግን ሆነ፣ እጽፈዋለሁ።

ገና ሰሞን

ወደ ሸዋ ሮቢት ከረጢት ይዘን ወረድን። ጣርማ በር ጉም ሸፍኖት ሚኒባሱ እየዳሰሰ ነው ያለፈው፣ ከዋሻው ወጥተን ደብረ ሲና ስንደርስ ፀሐይ። መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ነው የምንሄደው፣ መንገድ ሲዘጋ ከረጢቱም አይደርስም፣ 72 ሰዓቱም ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ አሁን ታች ያለው ክምችት ከላይኛው የበለጠ እንዲሆን ወስነናል።

በኅዳር 2014 ጦርነቱ እዚህ ድረስ በደረሰ ጊዜ የተጎዱ ሴቶች ዛሬም ይመጣሉ። ያኔ ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ነበር፣ የሚሄዱበት አልነበረም። ዓመታት ቆይተው አሁን ነው የሚናገሩት። ለነሱ ከረጢት ምን ያደርጋል ብዬ ነበር፣ ልብሳቸውን ማንም አልወሰደባቸውም። ግን ፈለጉት። አንዷ ቀሚሱን ለብሳ መስተዋት ጠየቀች። ለነሱ ሌላ ሥራ አለ፦ ሕክምናው፣ የማሕፀን ጉዳት ምርመራ፣ የጉበት ምርመራ፣ እንቅልፍ ላጡት የአእምሮ ጤና ባለሙያ። ዘገየ ተብሎ የሚተው ነገር የለም።

የሕፃናት ከረጢት የግድ ሆነ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ መጻፍ አልችልም። ለስድስት ዓመት ልጅ የሚሆን ቀሚስ ስንሰፋ ክፍሉ ውስጥ ማንም አያወራም። የወንድ ልጅ ሱሪና ሸሚዝም አለ፣ ወንድ ልጅም ይጠቃል፣ እንዳላየ መሆን አይቻልም። የመንዟ ልጅ ከበግ ፀጉር አሻንጉሊት እየሠራች ትጨምራለች። ሲስተር እንደምትለው ልጆቹ በምርመራ ሰዓት አሻንጉሊቱን ጨምድደው ይይዛሉ፣ ሐኪሙም መጀመሪያ አሻንጉሊቱን «ይመረምራል»።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

ስለ ራሳችን። ስንሰማ እንውላለን፣ ማታ እንቅልፍ የለም። አንዷ ሰሞኑን የራሷ ነገር ተመልሶባት ሳምንት ጠፋች። ማንም አልወቀሳትም፣ በየተራ ምግብ ወሰድንላት። አሁን ደንብ አለን። አጅባ የዋለች በማግስቱ አትመደብም። ብቻዋን የምትሄድ የለችም፣ ሁለት ሆነን ነው። ሐሙስ ሐሙስ እትዬ ቤት ቡና አለ፣ ማውራት የፈለገች ታወራለች፣ ያልፈለገች ትፈትላለች። ከቡና በኋላ እስከ በሬሳ ወንዝ እንሄዳለን። ብርድ ነው፣ ደስ ይላል።

ሌላው ባጃጅ ነው። የፋብሪካ ልጆች ማታ ከሽፍት ሲወጡ፣ ጠባሴም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ ጨለማ ላይ የሆነ ነገር ቢደርስባቸው መጀመሪያ የሚያገኙት ባጃጅ ነጂ ነው። ከነጂዎቹ ጋር ተቀመጥን። የጠየቅናቸው ትንሽ ነው፦ ምን ሆንሽ ብላችሁ አትመርምሩ፣ ቤት ሳይሆን ሆስፒታል ልሂድ ወይ ብላችሁ ጠይቋት፣ ለጓደኛ አታውሩ፣ ሒሳቡን ከኛ ውሰዱ። ሒሳቡን አንቀበልም አሉ። አንዱ እህት አለችኝ አለና ዝም አለ።

የካቲት

ክምችት ቆጠርን። ግማሽ ባና አልቋል፣ የመንዟ ልጅ ሸማኔውን ደግማ ታነጋግራለች። ኮንጎ ጫማ 37 እና 38 ቁጥር በቶሎ ያልቃል፣ 40 ተከምሯል። ሞዴስ ዋጋው ጨምሯል፣ የሚታጠበውን ራሳችን እንስፋ የሚል ሐሳብ መጥቷል፣ እኔ እደግፈዋለሁ ግን ማጠቢያ ውሃና የብቻ ማድረቂያ ቦታ ለሌላት ሴት ስለማይሆን ሁለቱም ይኑር እላለሁ።

ሦስት ከረጢቶች ተመልሰዋል። ባለቤቶቻቸው ናቸው ያመጧቸው፣ ታጥበው፣ በአዲስ ነገር ተሞልተው። አንዱ ውስጥ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አለ፣ «ለቀጣይዋ» ይላል። እንዳለ ነው የተውነው፣ ለቀጣይዋ ነው የተጻፈው።

ሞላሌና መሐል ሜዳ የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከረጢቱን ጠይቀዋል። እዚያ ከቀበሌ እስከ ሆስፒታል ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ ከረጢቱ ጤና ኬላ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል፣ ፖስታውም አብሮ። ሲስተር ስለ ማስረጃ አያያዙ ልታስተምራቸው ተስማምታለች፣ ትራንስፖርቱን ከዕቁብ እናወጣለን።

ሰኞ ጨርቅ ይቆረጣል። መካከለኛው ልክ ስለሚያልቅ እሱን እናበዛለን፣ የሕፃናቱን ግን በአዲሱ ልክ፣ እጅጌው ረዘም ብሎ። መርፌ የምትይዙ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሱቅ ኑ። ትልልቅ ቁልፍ ቤታችሁ ካለ፣ ከአሮጌ ካፖርት የተፈታም ቢሆን፣ ይዛችሁ ኑ።